ሚልኬሳ ገረሱ ከሳቁ በኋላ የተናገሩት

አቶ ሚልኬሳ ገረሱ ከአባታቸው ከአቶ ገረሱ ቱፋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጂቱ ዋቅጅራ ኅዳር 12 ቀን 1949 ዓ.ም. በእንጦጦ ግርጌ፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው አካባቢ ተወለዱ። ያኔ ቦታው የገብስ ማሳ ነበር። ከመገናኛ ወደ ላይ ሲወጡ መስታወት ለብሰው ከቆሙት ፎቆች አንዱ ባለበት ላይ አቶ ገረሱ በሬ ጠምደው ያርሱ ነበር። የትኛው ፎቅ እንደሆነ ቤተሰቡ ያውቃል፤ የፎቁ ባለቤት ማወቁን ግን እንጃ።

በቤታቸው ሁለት ቋንቋ ይነገር ነበር። ወይዘሮ ጂቱ ሲቆጡም ሲመርቁም በኦሮምኛ ነው፤ ከገበያና ከመንግሥት ጋር የሚደረገው ሙግት ደግሞ በአማርኛ ነበር። ስለዚህ አቶ ሚልኬሳ አንዱን ነገር በሁለት መንገድ ማለት የለመዱት ገና በልጅነታቸው ነው። አባታቸው በአካባቢው የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። የተጣሉ ሰዎችን ፊት ለፊት ሲያስቀምጡ መጀመሪያ ጠቡን አያነሡም። ስለ ሰነፍ በሬያቸውና ስለ ራሳቸው ራሰ በራነት ተጫውተው ሁለቱንም ወገን ካሳቁ በኋላ ነው «በሉ እንግዲህ ወደ ነገራችን» የሚሉት። ልጃቸው ምክንያቱን ቢጠይቋቸው፣ «በሬ በጨው ይጠራል፣ ሰው በጨዋታ። ጨዉን እያሳየህ ወደ በረት ታስገባዋለህ፤ ገብቶ ሳለ በሩን መዝጋት ግን አትርሳ» አሏቸው። አቶ ሚልኬሳ የምክሩን የመጀመሪያ ግማሽ ዕድሜ ልካቸውን ሠሩበት። ሁለተኛው ግማሽ ግን በእርሳቸው እጅ አልነበረም።

በ1957 ዓ.ም. በአካባቢያቸው በሚገኘው የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብተው ትምህርታቸውን ጀመሩ። ሰው ፊት ቆመው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገሩት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ፣ በወላጆች ቀን ነው። ከእርሳቸው በፊት የተናገሩት ዳይሬክተር ስለ ትምህርት ጥቅም ሲያብራሩ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ ነበር፤ ከወላጆች ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ስለ ከብቶቹ ያወራል። ተራቸው ሲደርስ የተጻፈላቸውን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «የተከበራችሁ ወላጆች፣ እኔ አጭር ነኝ፤ ንግግሬም እንደ እኔ ነው» አሉ። ያንቀላፋው ነቃ፣ የሚያወራው ዞረ። ሳቁ ሲበርድ በሰፈሩ ያልተከተቡ ሕፃናት እንዲከተቡ ተናግረው ወረዱ። ዳይሬክተሩ ጆሯቸውን ጠመዘዙ፤ ወላጆቹ ግን በማግስቱ ልጆቻቸውን አዝለው ጤና ጣቢያ ተሰለፉ። አቶ ሚልኬሳን ዕድሜ ልካቸውን ያሳሳታቸው ያ ማግስት ነው። የሳቀ ሰው ሁሉ በማግስቱ የሚሰለፍ መሰላቸው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ በጤና አጠባበቅ ሠልጥነው በ1970 ዓ.ም. የመንግሥት ሥራ ያዙ። ሥራቸው በየቀበሌው እየዞሩ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት ማስተማር ነበር። እንደሚታወቀው በዚያ ዘመን ስብሰባ የሚያንስበት ሰው አልነበረም፤ ሕዝቡም ዓይኑን ገልጦ መተኛትን ተክኖበት ነበር። ስለ ዓይነ ምድር ደግሞ በአደባባይ መናገር ነውር ነው። አቶ ሚልኬሳ ከእንጦጦ የሚወርደውን ጅረት እያመለከቱ፣ «የላይ ሰፈር ሰው ትናንት ምን እንደበላ የታች ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል። እስቲ አንዳችን ከሌላው የምንደብቀው አንድ ምስጢር እንኳ ይኑረን» ሲሉ፣ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ጭነው የሚስቁት እናቶች ነበሩ ወደ ቤታቸው ሄደው ባሎቻቸውን ጉድጓድ ያስቆፈሩት። በዚያ ዓመት ጅረቱ ዳር የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ይህ እውነት ነው፤ ቆፋሪዎቹ ዛሬም ከመካከላችሁ አሉ። ቀልድ ሥራ የሚሠራበት ጊዜ እንደነበረ ሳይነገር መቅረት ስለሌለበት ተጽፏል።

በ1976 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዘቢደር ኃይለጊዮርጊስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። የወይዘሮ ዘቢደር አባት መሪጌታ ኃይለጊዮርጊስ በእንጦጦ ራጉኤል ያገለገሉ፣ ሲስቁ ያያቸው ሰው የሌለ ኮስታራ ነበሩ። በመልሱ ዕለት ሙሽራው ተነሥተው፣ «ከተማው የአባቴን ማሳ በሙሉ ወሰደ። እኔ በምትኩ አንዲት ሴት ልጅ ብወስድ ካሳው በዛ ትላላችሁ?» ቢሉ መሪጌታ ጠጁ ትን ብሏቸው ጀርባቸው ተመታ። አቶ ሚልኬሳ ይህን ቀን ሲያስታውሱ ሁሉም ሳቀ ብለው አያበቁም ነበር። «አንዲት ሰው አልሳቀችም» ይሉ ነበር። ሙሽራይቱ ማለታቸው ነው። ሰው ሁሉ ሲስቅ እርሳቸው ወደ ባላቸው ዘንበል ብለው፣ «ስቀናል፤ አሁን ቁም ነገሩን ንገረኝ። አባትህ ስለ መሬቱ አሁንም ያዝናሉ?» ብለው ጠየቁ። እውነት ነበር፤ አቶ ገረሱ በዚያው የሰርግ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ያዝኑ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ስቀናል፤ አሁን ቁም ነገሩን» የሚለው የወይዘሮ ዘቢደር ቃል የቤቱ ሕግ ሆነ። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ከቀልዱ በኋላ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ለአቶ ሚልኬሳ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ከዚህ ጋብቻ ልጆቻቸውን ሌንጮንና ይህን የምትጽፈውን ናፍቆትን አፍርተዋል።

በ1978 ዓ.ም. የዳገት ሥር መረዳጃ እድር አባል፣ ቆይተውም የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆኑ። አባላቱ አርፍደው ስለሚመጡ ጠቅላላ ጉባኤው ሳይሟላ ይበተን እንደነበር ነባሮቹ ያስታውሳሉ። አቶ ሚልኬሳ አንድ እሑድ ተነሥተው፣ «የእድራችን አባል በሰዓቱ የሚገኘው ለራሱ ቀብር ብቻ ነው» አሉ። ቀልዱ ከጉባኤው ቀድሞ ሰፈሩን አዳረሰና በሚቀጥለው እሑድ ወንበር ጠፋ። ሰው የመጣው ግን ለአጀንዳው አልነበረም። እርሳቸው ዛሬ ምን ይሉ ይሆን ብሎ ነው የመጣው፤ ሲጨርሱም ጫማውን እየፈለገ መነሣት ይጀምራል። ዛሬ እርሳቸውም እንዳሉት በሰዓቱ ተገኝተዋል።

ለቅሶ ቤትም የእርሳቸው መድረክ ነበር። በሰልስቱ ቀን፣ ድንኳኑ ከመነሣቱ በፊት፣ ከእድሩ አንድ ሰው ተነሥቶ ሐዘንተኛውን ማጽናናት ልማዳችን ነው። ያ ሰው ሁልጊዜ አቶ ሚልኬሳ ነበሩ። የሞተውን ሰው ደግነት ከአመሉ ጋር ቀላቅለው፣ ስስቱንም ኩራቱንም ሳያዋርዱ አንሥተው፣ ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰችውን ባልቴት ሳቅ አሰኝተው ንፍሮ ያስቀምሷት ነበር። ሰውን ሲያጽናኑ የማይሰለቹበት ጸጋ ነበራቸው። የራሳቸው ሐዘን ሲመጣ ማን እንደሚነሣ ግን ከእድሩ ማንም አስቦት አያውቅም።

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላም አዘውትረው፣ መገናኛ በሚገኝ አንድ የማሠልጠኛ አዳራሽ ውስጥ ሰው ፊት መናገርን አስተምረዋል። የባንክ ሠራተኞች፣ ሻጮች፣ የሰርግ መድረክ መሪ ለመሆን የሚመኙ ወጣቶች ይማሩ ነበር። ትምህርታቸው ቀላል ነው። መጀመሪያ በራስህ ቀልድ፤ በራስህ ያልቀለድክ ሰው በሌላው ስትቀልድ ስድብ ይሆናል። በድኻና በበሽተኛ አትቀልድ። ለሰማሃት ቀልድ ሁሉ አትቸኩል፤ ከጉዳይህ ጋር የማትዛመድ ከሆነች ለቤትህ ትቅር። አድማጩ ሳይስቅ አንተ አትሳቅ፤ «ፊትህ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ፊት ይምሰል» ይሉ ነበር። ወሳኟን ቃል ከመናገርህ በፊት ዝም በል፤ ዝምታው ይክበድ። ሳቁ ሲመጣም አትሻማው፣ እስኪያልቅ ጠብቅ፣ ካለቀ በኋላ ግን የመጣህበትን ጉዳይ ሳትናገር እንዳትወርድ። ከሠልጣኞቹ ሁሉ የሚወዱት ጆኒን ነበር፤ ዛሬ በየሰርጉ የሚፈለገው ጆኒ ነው። ጆኒ «ጋሼ ታይሚንግ ላይ የሚደርስባቸው የለም» እያለ የእርሳቸውን ዝምታ መስታወት ፊት ያጠና ነበር። ሠልጣኞቹ ትምህርቱን ሁሉ በሚገባ ያዙ፤ የመጨረሻዋን ብቻ ማንም አልያዛትም።

አሁን ወደ ድልድዩ ነው።

ሰፈራችንን ከቤተ ክርስቲያኑ የሚለየውን ገደላማ ጅረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በላዩ የነበረው መሻገሪያ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሞ ሳንቃ የተመታበት ነበር። በሰኔ 2010 ዓ.ም. አቶ ሚልኬሳ ከሥሩ ወርደው ግንዱን በብረት ሲወጉት ብረቱ ያለ ድካም ገባ። በዚያው ሳምንት በእድሩ ጉባኤ ተነሡ። «ድልድያችን ከሁላችን ይልቅ ፈሪሃ እግዚአብሔር አለው» አሉ። «በረገጥነው ቁጥር እግዚኦ ይላል። እኛም ስንሻገር እግዚኦ እንላለን። ቤተ ክርስቲያን ሳንደርስ ምሕላውን ጨርሰን ነው የምንገባው።» አዳራሹ ተናጋ። ሳቁ እስኪያልቅ እንደ ልማዳቸው ጠበቁና፣ «የግራው ግንድ በስብሷል። ክረምቱን አይሻገርም። ዛሬ ውሳኔ ይሰጥልኝ» አሉ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ፍቅረማርያም ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ «ጋሽ ሚልኬሳ፣ ገደሉን እኮ! ለሚቀጥለው ይያዝልን» ብለው ጉባኤውን ዘጉ።

በወረዳው የነዋሪዎች ስብሰባም ይህንኑ ተናገሩ። ከመድረክ የነበሩት ኃላፊ ከወንበራቸው ተነሥተው እጃቸውን ጨበጡና፣ «እርስዎ ባይኖሩ ስብሰባችን ደረቅ ነበር» አሉ። ድልድዩም ስም አወጣ፤ «እግዚኦ» ተባለ። ወጣቱ «እግዚኦ ጋ እንገናኝ» ይባባል ጀመር፤ ባለ ታክሲው ተሳፋሪ ሲያወርድ «እግዚኦ ወራጅ አለ?» ይል ነበር። አቶ ሚልኬሳ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ስሙ ከተጠራ ነገሩም ይታሰባል ብለው ነበር። ቀልዱ ድልድዩን ከማስጠገን ይልቅ እንዳስወደደው የተረዱት ዘግይተው ነው። ሰው የወደደውን ነገር አይፈራም። ወይዘሮ ዘቢደር ብቻ በየማታው፣ «ሰዎቹ ስቀዋል፤ አሁን ምን ወሰኑ?» ይሏቸዋል። ምንም እንዳልወሰኑ ይነግሯቸዋል። ፍልሰታ ሲገባ ባላቸው በዚያ እንዳይሻገሩ ለመኗቸው። እርሳቸውም፣ «ታዲያ በየት ልሂድ? በታች ዞሬ እስክመጣ ቅዳሴው ያመልጠኛል። አንተ ለሰው ነግረሃል፣ እኔ ለእርሷ እነግራታለሁ» አሉ። ለእመቤታችን ማለታቸው ነበር።

ነሐሴ 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ወይዘሮ ዘቢደር ከቅዳሴ ሲመለሱ የግራው ግንድ ከመካከሉ ተቆርጦ ከነሳንቃው ወደ ገደሉ ወረደ፤ እርሳቸውም በተወለዱ በ57 ዓመታቸው በዚያው አረፉ። በዚያች ሰዓት አቶ ሚልኬሳ መገናኛ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ሠልጣኞችን እያሳቁ ነበር።

በሰልስቱ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሞ ነበር። የሚያጽናናው ሰው ተራ ሲደርስ ሰው ጠበቀ። ሁሉም አንድ ሰው ነበር የሚጠብቀው። አቶ ፍቅረማርያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ሐዘንተኛው ተጠጉና፣ «ጋሽ ሚልኬሳ፣ ሕዝቡን ከብዶታል፤ እስቲ እንደለመዱት ጥቂት ይበሉን» አሉ። ባለቤቱን የቀበረ ሰው ለቀስተኛውን እንዲያጽናና ተጠየቀ። ይህ በክፋት አልተደረገም። በልማድ ነው የተደረገው፤ ቤተሰቡን እስካሁን የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ይረገማል፣ ልማድን ማን ይረግመዋል?

አቶ ሚልኬሳ ተነሡ። ማይኩን ተቀበሉ። «የግራው ግንድ በስብሷል ብዬ ነበር» አሉ። ትንፋሽ አጠራቸውና ዝም አሉ። ፊታቸው ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ፊት ነበር። ለቅሶ ቤት ነበራ! ዝምታውም ከበደ። ከድንኳኑ ኋላ የተቀመጡት ሠልጣኞች ያንን ፊትና ያንን ዝምታ ያውቁታል፤ ሦስት ወር የተማሩት እርሱን ነው። ቀልዱ ሊመጣ መሰላቸው። መጀመሪያ ጆኒ ሳቀ። ከዚያ አጠገቡ ያሉት ሳቁ፣ ከዚያ ሐዘን የከበደው ሰው ሁሉ ማስተንፈሻ እንዳገኘ ሆኖ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። አቶ ሚልኬሳ እንደ ልማዳቸው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ካለቀ በኋላ ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡበትን ጉዳይ ሳይናገሩ ማይኩን መልሰው ተቀመጡ። አንዳንድ ሰው ሲወጣ፣ «በዚህ ሐዘን እንኳ ቀልዱ አልጠፋውም፣ እንዴት ያለ ጠንካራ ሰው ነው!» ሲል ልጃቸው ሰምታለች።

ከዚያ ቀን በኋላ አቶ ሚልኬሳ በሰው ፊት ቆመው አልተናገሩም። ከማሠልጠኛው ለቀቁ፣ ከእድሩ ኃላፊነትም ወረዱ። በ2011 ዓ.ም. ድልድዩ በሲሚንቶ ተሠራ። ለምረቃው ሪባን ተወጠረ፣ በሸራ ላይም «እግዚኦ ድልድይ» ተብሎ ተጻፈ፤ አቶ ሚልኬሳ መጥተው አንድ ጨዋታ ጣል እንዲያደርጉ ሽማግሌ ተላከባቸው። ስሙ ከቀልዳቸው፣ ሥራው ከሚስታቸው ሞት የመጣውን ድልድይ እንዲያስመርቁ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹን ምሳ አብልተው ሸኟቸው፤ ወደ ምረቃው ግን አልሄዱም። ዛሬ አስከሬናቸውን ተሸክማችሁ የተሻገራችሁት በእርሱ ላይ ነው።

ጆኒ በየዓመቱ ያ የሰልስት ቀን ሲደርስ እየመጣ በር ላይ ይቆም ነበር። «ጋሼ፣ ታይሚንግ መስሎኝ ነው» ብሎ ሲያለቅስ፣ አቶ ሚልኬሳ ትከሻውን ይዘው፣ «አንተማ በደንብ ተምረሃል፤ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» ይሉት ነበር። አባታችን ይቅር ብለውታል። ይህን የምትጽፈው ልጃቸው ግን ወደ ይቅርታው ገና በመንገድ ላይ ናት። ይህን ታሪክ እርሱ እንዲያነበው ያዘዙት እርሳቸው ስለሆኑ ትእዛዛቸው ተፈጽሟል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጠዋት ጠዋት የልጃቸውን የሌንጮን ልጅ ዮዳሄን ይዘው በታችኛው መሻገሪያ ወደ ትምህርት ቤት ያደርሷት ነበር። ያ መሻገሪያ እስከ ዛሬ የእንጨት ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በእድሩ ጉባኤ ላይ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ እጃቸውን አወጡ። ሊቀመንበሩ ገና ስማቸውን ሳይጠሩ አዳራሹ አጨበጨበ። ከፊት የነበሩት ወንበራቸውን ወደ እርሳቸው አዞሩ፤ ከንፈራቸው ለሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር። አቶ ሚልኬሳ ያን ሁሉ ፊት አንድ በአንድ አዩትና እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

ከጥር ወር ጀምሮ የልብ ድካም ሕመም ጸንቶባቸው በቤታቸውና በሆስፒታል ሲታከሙ ቆዩ። ሐኪሞቹ አቅማቸው የፈቀደውን ሁሉ አድርገዋል። የእድሩ አመራር ሊጠይቃቸው መጥቶ በአልጋቸው ዙሪያ ሲቀመጥ አቶ ፍቅረማርያም፣ «እስቲ ጋሽ ሚልኬሳ፣ አንድ ጨዋታ ያሰሙንና ደስ ብሎን እንሂድ» አሉ። አቶ ሚልኬሳ ትራሳቸውን ከፍ አስደርገው፣ «የታችኛው መሻገሪያ ሁለት ሳንቃው ወልቋል። ግንዱንም ነክቼዋለሁ፤ እንደ ያኛው ነው። ልጆቹ የሚሄዱት በእርሱ ነው» አሉ። እንግዶቹ ፈገግ ብለው የቀረውን ጠበቁ። የቀረ ነገር አልነበረም። ደረጃው ላይ ሲወርዱ፣ «ደክመዋል፤ ጨዋታቸውን እንኳ መጨረስ አቃታቸው» ተባባሉ። ይህ በእድሩ አመራር ፊት የተናገሩት የመጨረሻ ቃላቸው ነው።

አቶ ሚልኬሳ ገረሱ ሰኞ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ልጆቻቸው ሌንጮና ናፍቆት፣ የልጅ ልጃቸው ዮዳሄ፣ ያስተማሯቸው ሠልጣኞችና ያጽናኗቸው የዚህ ሰፈር ሐዘንተኞች ሁሉ ከኋላቸው ቀርተዋል።

በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ቀልዶቻቸው የገቡት ለጌጥ አይደለም። አንዳንዶቻችሁ ሲነበቡ እንደምትስቁ ቤተሰቡ ያውቅ ነበር፤ የተጻፉትም እንድትጠጉ ነው። አባታቸው እንዳሉት በሬ በጨው ይጠራል። እኛ ግን ሠላሳ ዓመት ጨዉን ልሰን ልሰን ከበረቱ ደጃፍ ስንመለስ ኖረናል። አሁን ጨዉ አልቋል፤ ባለ ጨዉም እዚህ ተኝተዋል።

ወይዘሮ ዘቢደር ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት ተቀምጠው፣ «ስቀናል፤ አሁን ቁም ነገሩን» ይሉ ነበር። ቁም ነገሩ ይኸው ነው። የታችኛው መሻገሪያ ግንድ በስብሷል፤ ክረምቱን አይሻገርም፤ ሰኔ ሊገባ ነው፤ ነገም የትምህርት ቀን ነው። ዮዳሄ በዚያ ነው የምትሄደው፤ የእናንተም ልጆች የሚሄዱት በዚያው ነው።

እግዚአብሔር የአገልጋዩን የሚልኬሳን ነፍስ ከባለቤታቸው ከዘቢደር ነፍስ ጋር በደጋጎቹ አባቶች ማረፊያ ያገናኝልን፤ ለእኛም የሚሰማ ጆሮ ይስጠን።

ጆኒ፣ እዚህ ላይ ስትደርስ ዝም በል። ማንም ካልሳቀ፣ አባታችን ተሰምተዋል።